ትንሹን ሮቦት ግዙፍ የሚያስመስል ቀለም

የዛሬው የእጅ ሥራ ዝግጅታችን ስለ ፕላስቲክ ሮቦት ሞዴል ነው፤ በተለይም ስለ አቀባቡ። «ይሄ የልጆች መጫወቻ አይደለም እንዴ?» የሚል አድማጭ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሳጥኑ ሲወጣ በእርግጥ መጫወቻ ነው። መጫወቻነቱን የሚያስረሳው ቀለሙ ነው። እንዴት እንደሚያስረሳ ነው ዛሬ የምንነጋገረው።

ስለ ሮቦት ሞዴል ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው የጃፓኑ ጋንዳም ነው። ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። «ሞባይል ሱት ጋንዳም» የተባለው የካርቱን ተከታታይ ፊልም በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው በኤፕሪል 1979 ነው። ዳይሬክተሩ ዮሺዩኪ ቶሚኖ ነበር፤ ማሽኖቹን የነደፈው ደግሞ ኩኒዮ ኦካዋራ። ታሪኩ ከዚያ በፊት ከነበሩት የሮቦት ፊልሞች ይለያል። ሮቦቱ ተአምር ሠሪ ጀግና አይደለም፤ እንደ ታንክ ወይም እንደ ተዋጊ አውሮፕላን በፋብሪካ የሚመረት፣ የሚበላሽ፣ ጥይት የሚያልቅበት የጦር መሣሪያ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ቀለሙ ስንመጣ ያስፈልገናል።

ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ተመልካች አላገኘም። ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ፣ በጃንዋሪ 1980፣ በ43ኛው ክፍል ተቋጨ። ባንዳይ የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ሞዴል ለገበያ ያወጣው ፊልሙ ካለቀ ከወራት በኋላ፣ በጁላይ 1980 ነው። ዋጋው 300 የን ነበር፤ አንድ ተማሪ ከኪሱ አውጥቶ ሊገዛው የሚችል ዋጋ። በ1981 ታሪኩ በሲኒማ ቤት መታየት ሲጀምር ፍላጎቱ ጣሪያ ነካ።

ያ የመጀመሪያው ሞዴል በማጣበቂያ የሚገጣጠም፣ በአብዛኛውም በአንድ ቀለም የተሠራ ፕላስቲክ ነበር። ሳጥኑ ላይ የተሣለው ሮቦት ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ነው፤ ውስጡ ያለው ግን ነጣ ያለ የፕላስቲክ ክምር። ስለዚህ የገዛው ልጅ ወደደም ጠላም ብሩሽ መያዝ ነበረበት። የአቀባብ ባህሉ የተወለደው ከዚህ ነው። «ሆቢ ጃፓን» የተባለው መጽሔት በ1981 «ሃው ቱ ቢልድ ጋንዳም» በሚል ርዕስ የአሠራር መጽሐፍ አሳተመ፤ የአውሮፕላንና የታንክ ሞዴል ሠሪዎች ለዓመታት ያካበቱት ጥበብም ወደ ሮቦቱ ተሻገረ።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በ1990 የመጣው «ሃይ ግሬድ» የሚባለው ደረጃ ፕላስቲኩ ራሱ በየቀለሙ ተለይቶ የተመረተበት ነው። የአሁኑ ሞዴል ማጣበቂያም ሆነ ቀለም ሳይነካው፣ በእጅ እየተጫነ ተገጣጥሞ መደርደሪያ ላይ ሊቆም ይችላል። ሺዙኦካ የምትባለው የጃፓን ከተማ ውስጥ በ2006 ሥራ የጀመረው የባንዳይ ፋብሪካ፣ ክፍሎቹ ተያይዘው በሚመጡበት በአንድ ፍሬም ላይ አራት ቀለም ያላቸውን ፕላስቲኮች ባንድ ጊዜ የሚያወጡ ማሽኖች አሉት። እንግዲህ ፋብሪካው ይህን ያህል ካገዘን፣ ለምን እንቀባለን?

መልሱ መጠን ነው። በታሪኩ ውስጥ ጋንዳም የ18 ሜትር ቁመት አለው፤ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ያህል መሆኑ ነው። በብዛት የሚሸጠው ሞዴል ደግሞ ከዚህ በ144 እጥፍ ያነሰ ነው፤ ቁመቱ 12.5 ሴንቲሜትር ብቻ። ቀቢው ሊያደርግ የሚሞክረው አንድ ነገር ነው፤ ዓይናችን ያንን 12.5 ሴንቲሜትር ዕቃ ሲያይ 18 ሜትር እንዲመስለው ማድረግ። ማሳመር ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ለማሳመር ብለው ይቀቡና ሮቦቱ ከቀድሞው የባሰ መጫወቻ ሆኖ ይቀራል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ጫፉ 0.3 ሚሊሜትር በሆነ ጥቁር ብዕር ደረቱ ላይ መስመር አሠመርን እንበል። ቀጭን መስመር ነው፤ በወረቀት ላይ ፀጉር ያህላል። በ144 ስናባዛው ግን ከ4 ሴንቲሜትር በላይ ይሆናል። በእውነተኛው ማሽን ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አሠመርን ማለት ነው! ቀለሙ 0.1 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ደግሞ በእውነተኛው ማሽን ላይ 14 ሚሊሜትር የሆነ ግርፍ ተለጠፈበት ማለት ነው። እንዲህ የተቀባ የጦር መሣሪያ በየትኛውም ዓለም የለም። ስለዚህ ቀለሙ ስስ፣ መስመሩም ፈዘዝ ያለ መሆን ያለበት ለጥንቃቄ ያህል አይደለም፤ ሒሳቡ ራሱ ያስገድደናል።

ሁለተኛው ነገር ብልጭታ ነው። አዲስ ፕላስቲክ ያብለጨልጫል። የክፍላችሁን አምፖልና መስኮት በሮቦቱ ደረት ላይ ታያላችሁ። ዓይን ደግሞ አይታለልም፤ መስኮት በደረቱ ላይ ሙሉ ለሙሉ የሚታይበት ዕቃ ትንሽ ዕቃ መሆኑን ወዲያው ይረዳል። ብልጭታውን ያጠፋችሁ ዕለት ሮቦቱ ያድጋል። ሦስተኛው የቀለሙ ጥንካሬ ነው። ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ነገር፣ ተራራም ሆነ ሕንፃ፣ ቀለሙ ይለዝባል፤ በመሐል ያለው አየር ጥቁሩን ወደ ግራጫ፣ ነጩንም ወደ አመድማ ይስበዋል። ስለዚህ የሮቦቱን ነጭ በንጹሕ ነጭ አንቀባም፤ ጥቂት ግራጫ ጠብ እናደርግበታለን። ጥቁሩንም በንጹሕ ጥቁር አንቀባም። ይህን በጥቂቱ ብቻ ብታደርጉ ልዩነቱን ታያላችሁ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

የሮቦቱ ክፍሎች በፕላስቲክ ፍሬም ላይ በቀጫጭን እግሮች ተያይዘው ይመጣሉ። እነዚያን እግሮች ለመቁረጥ ስል የሆነ ትንሽ ፒንሳ ያስፈልጋል፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ትልቅ ፒንሳ ፕላስቲኩን ይጨፈልቀዋል። መቁረጡ ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ከክፍሉ ራቅ ብሎ ከፍሬሙ ማላቀቅ፣ ቀጥሎ የቀረውን ጉማጅ አስጠግቶ መቁረጥ። አንዴ አስጠግታችሁ ከቆረጣችሁ ፕላስቲኩ ይወጠርና ነጭ ጠባሳ ይወጣበታል፤ በተለይ በጥቁርና በሰማያዊ ፕላስቲክ ላይ ያ ጠባሳ ከሩቅ ይታያል። የቀረችውን ትንሽ እብጠት በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው፤ ከ400 ቁጥር ጀምሮ ወደ 600፣ ከዚያም ወደ 800 ወይም 1000። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይለሰልሳል። ወረቀቱን ውሃ እያስነካችሁ ሥሩ፤ የፕላስቲኩ ዱቄት ወደ ሳንባችሁ አይገባም፣ ወረቀቱም ቶሎ አይደፈንም።

አንድ ክንድ ወይም አንድ እግር ብዙ ጊዜ ከሁለት ግማሾች ይሠራል። ሲገጣጠሙ በመሐላቸው መስመር ይቀራል። ይህ መስመር ብዙውን ጊዜ በእውነተኛው ማሽን ላይ የሚኖር አይደለም፤ የፋብሪካው ችግር ነው። የሚጠፋው በሚያቀልጥ የፕላስቲክ ማጣበቂያ ነው። ሁለቱን ጠርዞች ቀብታችሁ ስትጫኑ የቀለጠው ፕላስቲክ በመስመሩ ላይ ጭምቅ ብሎ ይወጣል። ይውጣ፤ አትጥረጉት። ቀናት ጠብቃችሁ ሲጠነክር በብርጭቆ ወረቀት ስታስተካክሉት መስመሩ የለም። ቶሎ የሚደርቀውን ሱፐር ግሉ ለዚህ አልመክርም፤ ከፕላስቲኩ የበለጠ ይጠነክርና ስትፍቁ ዙሪያው ይጎደጉዳል።

ከዚህ በኋላ አብዛኛው ሰው የሚዘለው ሥራ አለ፤ እጥበት። ክፍሎቹን ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እያሻሻችሁ እጠቧቸው። ከፋብሪካው የተረፈ ቅባት፣ የእጃችሁ ላብ፣ የመፋቂያው ዱቄት፣ ሁሉም ቀለሙን ከፕላስቲኩ ያላቅቁታል። ማጠቢያ ገንዳው ላይ ወንፊት ማስቀመጥ እንዳትረሱ። የሮቦት ጣት በቧንቧ ከገባ አይመለስም።

ቀጥሎ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ ልባስ ነው። የመኪና ባትላሜራ ጋራዥ ውስጥ የዋለ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ቀለም በራቁት ገላ ላይ አይቀባም። ለፕላስቲክ ሞዴል የሚሠራው ፕራይመር እጅግ የደቀቀ ነው፤ በ1000 ወይም በ1500 ቁጥር ልስላሴ ይሸጣል። ቀለሙ የሚጨብጠው ነገር ያገኛል፤ ከዚህም በላይ ያልታየ ጭረት ሁሉ በግራጫው ፕራይመር ላይ ይጋለጣል። ግራጫ ለአብዛኛው ሥራ በቂ ነው። ቀይና ቢጫ ቀለሞች ግን ከሥራቸው ያለውን በደንብ አይሸፍኑም፤ ለእነሱ ከሥር ነጭ ወይም ሮዝ ቀለም ማልበስ የቆየ ብልሃት ነው። ቢጫን በግራጫ ላይ በቀጥታ ቀብቶ ጥሩ ውጤት የሚጠብቅ ሰው ቆሻሻ አረንጓዴ ያገኛል።

የቀለም ዓይነቶቹ ሦስት ናቸው፤ ላከር፣ ውሃ ቀመስ አክሪሊክና ኢናሜል። ላከር ጠንካራ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ሽታው ግን ራስ ያዞራል። አክሪሊኩ ሽታው ቀለል ያለ፣ ለቤት ውስጥ የሚመች፣ ነገር ግን በቀላሉ የሚጫር ነው። ኢናሜል ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ቀስ ብሎ መድረቁ ደግሞ ለዝርዝር ሥራ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ስታበላሹ መጥረግ ትችላላችሁ። አሁን የምለውን በወረቀት ያዙልኝ። የላከር ቲነር ሦስቱንም ዓይነት ያቀልጣል። የኢናሜል ቲነር ግን በደንብ የደረቀ ላከርን አይነካም። ስለዚህ ላከር ከሥር፣ ኢናሜል ከላይ። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው የብዙ ቀን ልፋቱ በአንድ ደቂቃ ሲሸበሸብ ያያል።

በምን እንቀባ? ብሩሽ አለ፣ የሚረጭ ቆርቆሮ አለ፣ በአየር ግፊት ቀለም የሚረጨው ኤርብራሽ አለ። ስለ ኤርብራሽ ብዙ ይወራል፤ እኔ ባጭሩ አልፈዋለሁ። ኮምፕሬሰር ይፈልጋል፣ ገንዘብ ይፈልጋል፣ በየቀለሙ መታጠብ ይፈልጋል። 0.3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው፣ ከ1 እስከ 1.5 ባር በሚደርስ ግፊት የሚሠራ፣ ቀለሙም በቲነር ተበርዞ እንደ ወተት የቀጠነ ከሆነ ስስና ለስላሳ ልባስ ይሰጣል። ያላችሁ ተጠቀሙበት፤ የሌላችሁ ምንም አልጎደለባችሁም።

በብሩሽ የሚቀባ ሰው ትዕግሥት ይኑረው እንጂ ጥሩ ሥራ ይወጣለታል። ቀለሙን ማቅጠን፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መጎተት፣ የተቀባውን ሳይደርቅ ተመልሶ አለመነካካት። የመጀመሪያው እጅ አስቀያሚ ነው፤ ፕላስቲኩ በየቦታው ይታያል፣ ልብ ይሰብራል። ተዉት ይድረቅ። ሁለተኛው እጅ በመጀመሪያው ላይ በአግድም፣ ሦስተኛው እንደገና በቁም። በሦስተኛው ላይ የብሩሹ ጭረት ይጠፋል። ተስፋ ቆርጠው በአንዱ እጅ ወፍራም የሚቀቡ ናቸው ቅድም ያልኩትን የ14 ሚሊሜትር ግርፍ የሚያስቀሩት።

የሚረጨው ቆርቆሮ ደግሞ ከመረጨቱ በፊት በደንብ ይናጣል፤ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ሆናችሁ፣ ርጭቱን ከክፍሉ ውጭ ጀምራችሁ ከክፍሉ ውጭ ጨርሱ። ርጭቱ ሲጀምርና ሲቆም ጠብታ ይተፋልና። ክፍሎቹን በእጅ አትያዙ፤ እያንዳንዱን በእንጨት ጫፍ ላይ በመቆንጠጫ ሰክታችሁ በወፍራም ስፖንጅ ላይ ትከሏቸው።

ጥላ ስለመስጠት ጥቂት ልበል። ማክስ ዋታናቤ የተባለው ጃፓናዊ ሞዴል ሠሪ በስሙ የሚጠራ አቀባብ አለው። ክፍሉን በሙሉ በጥቁር ወይም በጠቆረ ቀለም ይቀባና፣ ዋናውን ቀለም ከመሐል ወደ ዳር እያሳሳ ይረጫል፤ ጠርዞቹ ጠቆር ብለው ይቀራሉ። ከሩቅ ሲታይ እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ክብደት ያለው ይመስላል። ውብ አቀባብ ነው። ሲበዛ ግን ሮቦቱ ጥቀርሻ የነካው ይመስላል፤ ብዙዎች ደግሞ ያበዙታል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደርሻለሁ፤ መስመሩ። በሮቦቱ ገላ ላይ ብረቱ ከብረት ጋር የተጋጠመበትን የሚያሳዩ ጎድጎድ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። እነሱን ማጥቆር ከሁሉም ሥራ በትንሽ ልፋት ብዙ ለውጥ የሚያመጣው ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቀጭን ብዕር ነው፤ ታሠምራላችሁ፣ ያለፈውን በጥጥ ትጠርጋላችሁ። ሌላው በጣም የቀጠነ ኢናሜል ነው። ብሩሹን በመስመሩ ላይ መጎተት አያስፈልግም። ጫፉን በመስመሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ታስነኩታላችሁ፤ ጠባቡ ጉድጓድ ፈሳሹን በራሱ ስቦ ይወስደዋል። መጀመሪያ ያየው ሰው ደግሞ ደጋግሞ ማስነካቱ አይቀርም፤ ቀለሙ በገዛ ራሱ ሲሮጥ ማየት ደስ ይላል። ከደረቀ በኋላ የተረፈውን የኢናሜል ቲነር በነካ የጆሮ ጥጥ፣ መስመሩን አቋርጣችሁ ጥረጉ። መስመሩን ተከትላችሁ ከጠረጋችሁ ከውስጥ ይወጣል።

የመስመሩ ቀለም ጥቁር ይሁን? በነጩ ላይ አይሁን። ነጭ ላይ ጥቁር መስመር ሮቦቱን የካርቱን ሥዕል ያደርገዋል። በነጩ ላይ ግራጫ፣ በቀዩና በቢጫው ላይ ቡናማ፣ በሰማያዊው ላይ ጥቁር ወይም የጠቆረ ግራጫ። ሕጉ ቀላል ነው፤ መስመሩ የዚያው ቀለም ጥላ እንዲመስል እንጂ የተሣለ እንዳይመስል።

አንድ አደጋ አለ። የኢናሜል ቲነር ባልተቀባ፣ ተገጣጥሞም በተወጠረ ፕላስቲክ ውስጥ ሲሰርግ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። በተለይ ኤ.ቢ.ኤስ. የሚባለው፣ ለመገጣጠሚያ የሚውለው ጠንካራ ፕላስቲክ ለዚህ ደካማ ነው። በማታ ሙሉ የነበረ ክንድ ጠዋት ሁለት ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። ክፍሎቹ ሳይገጣጠሙ ተለያይተው እያሉ መሥራት፣ ከኢናሜሉም በፊት የሚያብረቀርቅ ላከር ማልበስ። የሚያብረቀርቀው ልባስ ሌላም ጥቅም አለው፤ ፈሳሹ በለስላሳ ገላ ላይ በደንብ ይሮጣል፣ ሲጠረግም እድፍ አይተውም። በደብዛዛ ገላ ላይ ግን ኢናሜሉ በጥቃቅኑ ሻካራ ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

ትንንሽ ጽሑፎችና ምልክቶችም በዚሁ በሚያብረቀርቀው ልባስ ላይ ነው የሚለጠፉት። ከተዋጊ አውሮፕላን የተወሰደ ነገር ነው፤ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ፣ የክፍል ቁጥር፣ «አትርገጥ» የሚል ምልክት። በ2009 ቶኪዮ ኦዳይባ ውስጥ 18 ሜትር የሆነ የጋንዳም ሐውልት በቆመ ጊዜ ገላው በእንዲህ ያሉ ምልክቶችና የመጋጠሚያ መስመሮች ተሞልቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የወጡት «ሪል ግሬድ» የሚባሉት ትንንሽ ሞዴሎችም ያንኑ ዝርዝር ይዘው መጡ። በውሃ የሚለጠፈው ዓይነት ከተለጣፊ ወረቀት ይሻላል፤ እጅግ ስስ ነውና። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሰከንዶች ነክራችሁ፣ ከወረቀቱ ላይ አንሸራታችሁ ወደ ቦታው፣ ከዚያ ከሥሩ ያለውን ውሃና አየር በጥጥ ገፍታችሁ ማውጣት። በደብዛዛ ገላ ላይ ከለጠፋችሁት አየሩ ከሥሩ ይቀርና በብርሃን ላይ እንደ ብር ያብለጨልጫል። በወረንጦ ያዙት፤ በጣት አይሆንም። ሁሉንም መለጠፍ ግን ግዴታ አይደለም። ሳጥኑ ውስጥ 100 ምልክት ስላለ ብቻ 100 መለጠፍ ሮቦቱን የማስታወቂያ ሰሌዳ ያደርገዋል።

ማስረጀት የሚወዱ አሉ፤ እኔም እወዳለሁ። የተላጠ ቀለም፣ አቧራ፣ ጭስ። እዚህ ላይ ነው ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ የሚያስፈልገው። ሮቦቱ የጦር መሣሪያ ከሆነ ጉዳቱም ምክንያት ይፈልጋል። ቀለሙ የሚላጠው በእግሩ ጫፍ፣ በጉልበቱ፣ በጋሻው ጠርዝ፣ በሚጋጨው ቦታ ነው። የአንገቱን ጀርባ ምን አጋጨው? ጥቁር ግራጫ ቀለም የነካ ስፖንጅ ወረቀት ላይ ተጠርጎ ሊያልቅ ሲል ጠርዙን በቀስታ መታ መታ ማድረግ በቂ ነው። ጠርዙን በተራ እርሳስ ማሸትም ብረቱ ወጥቶ የሚያብረቀርቅ ያስመስላል፤ ከዚህ የረከሰ መሣሪያ የለም።

ዝገት ላይ ግን ከብዙዎች ጋር አልስማማም። በታሪኩ ውስጥ የጋንዳም ጋሻ ልባስ ሉና ቲታኒየም የሚባል ቅይጥ ነው። ቲታኒየም ደግሞ እንደ ብረት ቡናማ ዝገት አያወጣም። ጠላቱ ዛኩ፣ አረንጓዴው ባለ አንድ ዓይን ሮቦት፣ ከጠንካራ የብረት ቅይጥ የተሠራ ነው፤ እሱ ቢዝግ ይገባኛል። ጋንዳምን ቡናማ ዝገት የሚቀባ ሰው ግን የሚያምር ነገር ሊሠራ ይችላል እንጂ ጋንዳምን አልቀባም። ጠፈር ላይ የሚዋጋ ማሽንም ጭቃ አይኖረውም። የእግሩን ጭቃ ከመቀባታችሁ በፊት የት እንደዋለ ወስኑ።

የመጨረሻው ልባስ ደብዛዛው ነው። ውስጡ እጅግ የደቀቀ ዱቄት አለ፤ ሲደርቅ ገላው ላይ ዓይን የማያየው ሻካራ ይሠራና ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። የመስኮታችሁ ምስል ከሮቦቱ ደረት ይጠፋል። ሁለት ጥንቃቄ አለው። ብርሃን የሚያሳልፉትን ክፍሎች፣ ማለትም ዓይኑንና የብርሃን ሰይፉን፣ ቀድማችሁ አውጧቸው፤ አለበለዚያ ይደበዝዛሉ። ሌላው የአየሩ እርጥበት ነው። ቲነሩ በፍጥነት ሲተን ገላውን ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ውሃ በላዩ ላይ ጤዛ ይሠራል፣ ልባሱም ነጭ ሆኖ ይቀራል። አዲስ አበባ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ በሚወርድበት ከሰዓት በኋላ ይህን ልባስ መርጨት ሮቦቱን በኖራ እንደመቀባት ነው። ዝናቡ ያባራበትን ደረቅ ቀን ጠብቁ። ነጭ ከሆነባችሁም በደረቅ ቀን ስስ አድርጋችሁ ድጋሚ ስትረጩ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ለጀማሪ የምመክረው ይህን ሁሉ አይደለም። የመጀመሪያውን ሞዴላችሁን ጨርሶ አትቀቡት። በጥንቃቄ ቁረጡ፣ አለስልሱ፣ መስመሩን በግራጫና በቡናማ ብዕር ሙሉ፣ ደብዛዛውን ልባስ እርጩ። የፋብሪካው ፕላስቲክ ቀለም እነዚህ ብቻ ሲጨመሩለት ከተቀባው የማይተናነስ ይሆናል። ቀለም መደባለቁ በሁለተኛው ሞዴል ይድረስ።

ከመሰነባበታችን በፊት ለቤተሰብ ኃላፊዎች አንድ አደራ አለኝ። ቲነርና የሚረጭ ቀለም እሳት የሚወዱ ነገሮች ናቸው፤ ትነታቸው በዓይን ሳይታይ በክፍሉ ወለል ላይ ይዘረጋል። ቡና በሚፈላበት፣ ከሰል በተቀጣጠለበት፣ ሻማ ወይም ምድጃ ባለበት ክፍል ውስጥ በፍጹም አትክፈቷቸው። ተራው የአፍ መሸፈኛ ጨርቅ ትነቱን አያቆምም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ አድርጉ፣ መስኮትና በር ከፍታችሁ ወይም ደጅ ወጥታችሁ ሥሩ። ቲነር በሻይ ብርጭቆ ወይም በውሃ ፕላስቲክ አትቅዱ፤ ሕፃን ይጠጣዋል። የተረፈውንም በመታጠቢያ ገንዳ አትድፉ። ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋችሁ፣ ላዩ ላይ ምን እንደሆነ ጽፋችሁ፣ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት።